የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የሚሌዋ ሴት የማን ናት?

ጥያቄ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፤ እኔና ሦስት ጓደኞቼ በጅቡቲ መስመር ስለሚሠሩ የከባድ መኪና ሹፌሮች ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ለመጻፍ ከተስማማን ስምንት ወር ሆኖናል። አባቴ በዚያ መስመር ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ሰው ስለሆነ የመነሻው ሐሳብ የእኔ ነው። የውጭዎቹ ተከታታይ ድራማዎች በቡድን እንደሚጻፉ ሰምተን ስለነበር እኛም ሁልጊዜ ቅዳሜ አንድ ካፌ ውስጥ እየተገናኘን ስንነጋገር ከረምን። ዛሬ በእጃችን ያለው ግን ከመቶ ገጽ በላይ ማስታወሻ እንጂ አንድም የተጠናቀቀ ስክሪፕት አይደለም። በየሐሳቡ ላይ ድምፅ ስንሰጥ ሁለት ለሁለት እንቀራለን። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አንዱ ጓደኛችን ተቀይሞ ሊወጣ መሆኑ ነው፤ «ሚሌ ላይ ምግብ ቤት ያላትን፣ ባሏ የሞተባትን ሴት የፈጠርኳት እኔ ስለሆንኩ ይዣት እሄዳለሁ» ይላል። እርሷ ከወጣች ድራማው ይፈርሳል። ሥራውን እንዴት እናደራጀው? ሴትየዋስ የማን ናት?

አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ

የሴትየዋን ጉዳይ ሆን ብዬ ወደ ኋላ አቆየዋለሁ። ባለቤትነቷ ሊያከራክራችሁ የቻለው፣ አስቀድሞ ሊለዩ ይገባቸው የነበሩ ሁለት ሥራዎች፣ ማለትም አብሮ ማሰብና ለብቻ መጻፍ፣ ተደባልቀው ስለቆዩ ነው።

በእንግሊዝኛ ይህ በቡድን የመጻፍ አሠራር የሚጠራው ደራስያኑ በሚቀመጡበት ክፍል ስም ነው። እኛ ግን «ክፍል» የምንለው በየሳምንቱ የሚተላለፈውን ድራማ ጭምር በመሆኑ፣ «በሦስተኛው ክፍል ተነጋገርንበት» ያለ ሰው ቤቱን ይሁን ድራማውን ማለቱ አይታወቅም። ስለዚህ እዚህ «የደራስያን ጉባኤ» እላለሁ፤ ቃሉ የቅኔ ቤቱን ጉባኤም ያስታውሰኛል። የቅኔ ተማሪ ቆጠራውን፣ ማለትም ቅኔውን አስቦ ማሰናዳቱን፣ የሚያደርገው ብቻውን ነው። ከሰው ርቆ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ተቀምጦ ምሥጢሩን ከቃሉ ሲያዋድድ ይቆይና ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ያርመዋል፤ ባልንጀሮቹም እየሰሙ ከእርሱ ስሕተት ለራሳቸው ይማራሉ። እናንተ ለስምንት ወራት ስታደርጉ የቆያችሁት ግን፣ ደብዳቤዎን እንደተረዳሁት፣ በጉባኤ መካከል ለመቁጠር መሞከር ነው።

የደራስያን ጉባኤ የተወለደው ከጥድፊያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1954 አሜሪካ ውስጥ ኮሜዲያኑ ሲድ ሲዛር የሚመራው የኤንቢሲ ቴሌቪዥን ጣቢያ የቅዳሜ ምሽት ትርኢት በየሳምንቱ 90 ደቂቃ በቀጥታ ይተላለፍ ስለነበር ለአንድ ሰው ብዕር የሚቻል አልነበረም። ሜል ብሩክስንና ኒል ሳይመንን የመሳሰሉ ጸሐፊዎች በአንድ ቤት ተሰብስበው እየተጯጯሁም ቢሆን የሳምንቱን ጨዋታ ያደርሱ ነበር። በኋላም በዓመት 22 ክፍል የሚጠይቁት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አሠራሩን ወደ ድራማው አመጡት። ይህን ያነሣሁት ጉባኤው ለዴሞክራሲ ተብሎ እንዳልተመሠረተ ለማሳየት ነው። በድምፅ ብልጫ የሚጻፍ ድራማ አላውቅም። አሜሪካኖቹ ዘንድ የመጨረሻው ቃል የዋናው ደራሲ ነው፤ እርሱ ጉባኤውን ይመራል፣ የሁሉንም ረቂቅ በመጨረሻ ራሱ ያቃናል፣ ቀረጻውና ቅንብሩ ላይም አለ። ሌሎቹ ሐሳባቸው ሲወድቅ ይከፋቸው ይሆናል፤ ነገር ግን ማን እንደጣለውና ለምን እንደጣለው ያውቃሉ። ሁለት ለሁለት ሆኖ የቀረ ሐሳብ ግን ማንም ሳይጥለው ወድቆ ይቀራልና ቂም የሚወልደው እርሱ ነው።

ስለዚህ ከአራታችሁ አንዱን ዛሬውኑ ምረጡ። የመነሻው ሐሳብ የእርስዎ መሆኑ ብቻውን ለዚህ ቦታ አያበቃዎትም። የሚመረጠው፣ የሌላውን ሰው የተሻለ ሐሳብ ሲሰማ የራሱን ሳይጸጸት የሚተው፣ የተባለውንም ሁሉ ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚያስታውስ ሰው ነው። ያ ሰው እርስዎ ካልሆኑ ይቀበሉት፤ የሐሳቡ አመንጪ መሆንዎ በስምምነታችሁ ውስጥ ሊሰፍር ይችላል።

አሁን ወደ ድራማው ልግባ። እንደጻፉልኝ ከሆነ በእጃችሁ ያለው መንገድ እንጂ ታሪክ አይደለም። አዋሽ፣ ሚሌ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ የሚሉ ስሞች፣ ሙቀቱ፣ የኬላው ሰልፍ፣ በተሳቢው ጥላ ሥር የሚጠጣው ቡና ለዓይን ያማሩ ናቸው፤ አብዛኛው የአገሪቱ የወጪና የገቢ ንግድ የሚያልፍበት መስመር በመሆኑም ክብደት አላቸው። ይሁንና ተመልካች በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ የሚመጣው ለመልክዓ ምድሩ ብሎ አይደለም። አንድ ሰው አንድ ነገር ፈልጎ ሳያገኘው ስላደረ፣ ማግኘት አለማግኘቱን ለማየት ነው የሚመለሰው። የጉባኤው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መዋል ያለባቸው ለዚህ ነው፤ ምልልስ አይጻፍም፣ የትዕይንት ውበት አይወራም፣ ስለ እያንዳንዱ ሰው ምን እንደሚፈልግ፣ ማን እንደሚከለክለው፣ ለማግኘትም ምን ለማጣት ፈቃደኛ እንደሆነ ይጠየቃል። ረዳቱ መሪ መጨበጥ ይፈልጋል እንበል። ሹፌሩ የሚከለክለው ስለሚንቀው ነው ወይስ ስለሚወደው? ሁለቱ መልሶች ሁለት የተለያዩ ድራማዎች ናቸው።

የሚሌዋን ሴት እንውሰድ። እኔ በጉባኤያችሁ ብቀመጥ የምጠይቀው፣ ባሏ የሞተበትን መንገድ በየቀኑ እያየች ለምን እዚያው ትኖራለች የሚለውን ነው። አንዱ ከእናንተ «ሌላ መተዳደሪያ የላትም» ይላል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ከዚህ መልስ የሚወለድ ትዕይንት የለም። ሌላው «አደጋው በደረሰበት ሌሊት ከባሏ ጋር የነበረው ሰው አንድ ቀን እንደሚመጣ ታምናለች» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ያ ሰው የእኛው ሹፌር ነው፤ በየሳምንቱ ቤቷ ይበላል፣ እርሷ ግን አታውቅም» ይላል። እዚህ ላይ ሁላችሁም ዝም ትላላችሁ፤ ጉባኤ የሚያስፈልገው ለዚህ ዝምታ ነው። ከዚያ ዋናው ክርክር ይመጣል፤ እውነቱን የምታውቀው መቼ ነው? በሦስተኛው ክፍል ካወቀች ድራማው እያወቀች ስለምታደርገው ነገር ይሆናል፤ እንጀራውን እያቀረበች፣ ሒሳብ እየተቀበለች፣ ምን እያሰበች እንደሆነ እኛ ብቻ እናያለን። በአሥራ አንደኛው ክፍል ካወቀች ደግሞ የሹፌሩ ድራማ ነው፤ ተመልካቹ ከእርሱ ጋር ምሥጢሩን ተሸክሞ፣ በገባ በወጣ ቁጥር ይሳቀቃል። የትኛው እንደሚሻል አልነግርዎትም፤ ይህን መወሰን የዋናው ደራሲ ሥራ ነው። ከተወሰነ በኋላ ግን ሌላው ሁሉ ለዚያ ውሳኔ ይገዛል፤ አንዱ ጸሐፊ በሦስተኛው፣ ሌላው በአሥራ አንደኛው እያሰበ የሚጽፈው ድራማ መሀል መንገድ ላይ እንደተገነጠለ ተሳቢ ይሆናል።

የተወሰነው ነገር በሰሌዳ ላይ ይታይ። እያንዳንዱ ሁነት በአንድ ትንሽ ካርድ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍና በየክፍሉ ረድፍ ይለጠፍ፤ የሹፌሩ ታሪክ በአንድ ቀለም፣ የሴትየዋ በሌላ፣ የረዳቱ በሦስተኛ። አንድ ቀለም ለአራት ክፍል ያህል ከጠፋ ያ ሰው መረሳቱን ዓይናችሁ ይነግራችኋል፤ መቶ ገጽ ማስታወሻ ግን ይህን አይነግርም። አንዱን ካርድ ስታነሡ አጠገቡ ያሉት ካልተናጉ ያ ሁነት አላስፈለገም ማለት ነው። በየስብሰባው ሳይከራከር የሚጽፍ አንድ ሰው መድቡ፤ የአሜሪካኖቹ ጉባኤ ለዚህ ደመወዝ የሚከፍለው ረዳት አለው፣ እናንተ ተራ ልትገቡ ትችላላችሁ።

ሰሌዳው ሲሞላ ጉባኤው ይበተን። ለእያንዳንዳችሁ ክፍሎች ይደልደሉና መጀመሪያ የትዕይንቶቹን ቅደም ተከተል በዝርዝር፣ እርሱ ሲጸድቅ ደግሞ ስክሪፕቱን ለብቻ ጻፉ። ከዚያ ተሰብስባችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ሰዓትም ያዙ። አንድ ገጽ ስክሪፕት አንድ ደቂቃ ነው የሚለው የሆሊውድ ግምት፣ ሰላምታችን ብቻ ግማሽ ደቂቃ በሚፈጅበት በእኛ ምልልስ ላይ ሁልጊዜ ልክ አይመጣም።

በቡድን ሲጻፍ አማርኛ የሚያመጣው አንድ ልዩ ጣጣ አለ፤ በባዕድ አገር መመሪያዎች ውስጥ አታገኙትም። አራት ጸሐፊ አራት አንደበት ነው። ረዳቱ ሹፌሩን «አንተ» ይለዋል ወይስ «እርስዎ»? ሴትየዋ ለደንበኛዋ «ና ግባ» ትላለች ወይስ «ይግቡ»? በአንዱ ክፍል «እርስዎ» ብላው በሚቀጥለው «አንተ» ካለችው ተመልካቹ በመካከሉ ፍቅር ወይም ጠብ ተፈጥሯል ብሎ ይጠብቃል፤ ጸሐፊው ከመለወጡ በቀር ግን ምንም አልተፈጠረም። ስለዚህ የድራማው መዝገብ ይኑራችሁ፤ የሰዎቹ ዕድሜ፣ ዝምድና፣ የሞቱት ሰዎች ስምና ቀን፣ ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ ይስፈርበት። አጠራሩ የሚለወጥበት ትዕይንትም ካለ አስቀድሞ ይወሰን፤ ረዳቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» የሚልበት ቀን ከአንድ ጥፊ የበለጠ ድምፅ ሊኖረው ይችላል። ዋናው ደራሲ የመጨረሻውን ረቂቅ ብቻውን የሚያቃናበትም ምክንያት በአብዛኛው ይኸው ነው።

ረጅም ተከታታይ በዕቅድ መጻፍ ለአገራችን አዲስ እንዳልሆነም ላስታውስዎት። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍሎች ነበሩት፤ ከመጻፉ በፊትም ስለ አድማጮቹ ኑሮ ጥናት ተደርጎ ነበር። የተከተለው ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ የቀመረውን ዘዴ ሲሆን፣ በዚህ ዘዴ መልካሙንና ክፉውን ከሚወክሉት ሰዎች ይልቅ የአድማጩን ልብ የሚይዘው በሁለቱ መካከል እየተንገዋለለ የሚለወጠው ሦስተኛው ሰው ነው። የእናንተ ረዳት ለዚህ ቦታ የተፈጠረ ይመስለኛል፤ እስካሁን በደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠቀሱትም።

እንግዲህ ወደ ሴትየዋ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የሚሰጠው ለተገለጸ ሥራ እንጂ ለሐሳብ አይደለም። «ሚሌ ላይ ምግብ ቤት ያላት፣ ባሏ የሞተባት ሴት» የሚለው አንድ ሐረግ እንዲሁ ሲታይ ሐሳብ ነው፤ ጓደኛችሁ እርሷን ይዞ ሄደ ተብሎ የሚከሰስበት፣ እናንተም አስቀራችሁ ተብላችሁ የምትከሰሱበት ነገር ብዙ አይታየኝም። ነገሩ የሚለየው ጓደኛችሁ ስሟን፣ ታሪኳንና ትዕይንቶቿን በራሱ እጅ ጽፎ ከሆነ ነው፤ ያ ጽሑፍ የእርሱ ሥራ ነው፣ ያለ ፈቃዱ ልትጠቀሙበት አይገባም። አራታችሁ እየተቀባበላችሁ የጻፋችሁት ከሆነ ደግሞ አዋጁ የጋራ ሥራ አመንጪዎችን የጋራ ባለቤቶች ስለሚያደርጋቸው፣ እርሱ ብቻውን ይዟት ሊሄድ፣ እናንተም ብቻችሁን ልትሸጧት አትችሉም። ስለዚህ መጀመሪያ የማስታወሻችሁን መቶ ገጽ ተቀምጣችሁ ማን ምን እንደጻፈ ለዩ፤ ሥራው አሰልቺ ነው፣ ከፍርድ ቤት ግን ይቀላል።

ከዚያ ከጓደኛችሁም ጋር ሆነ ያለ እርሱ በጽሑፍ ተስማሙ፤ ሁለት ገጽ ይበቃል። ዋና ደራሲው ማን ነው፣ በድራማው ላይ የማን ስም በምን ቅደም ተከተል ይወጣል፣ ገንዘብ ሲገኝ እንዴት ይከፋፈላል፣ አንዱ መሀል ላይ ቢወጣ እስከዚያ ለሠራው ምን ይደርሰዋል፣ የቀሩትስ በጻፈው ለመቀጠል ይፈቀድላቸዋል ወይ? ስምና ገንዘብ የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን አትርሱ፤ አዋጁ በሥራው ላይ ስም የማስጠራትን መብት ከጥቅሙ ለይቶ ያስቀምጠዋል፤ ድርሻውን የሸጠ ሰው ስሙን አብሮ ሸጠ ማለት አይደለም። አንድ ነገር ደግሞ ለነገ ያዙ። ጣቢያ ወይም ፕሮዲዩሰር ቀጥሮ ወይም አዝዞ ካጻፋችሁ፣ በውሉ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ የጥቅሙ መብት የአሠሪው ነው። ያን ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ ያንብበው።

ጓደኛችሁ የተቀየመው በሴትየዋ ምክንያት ብቻ አይመስለኝም። ስምንት ወር ሙሉ ሐሳብ ያዋጣ ሰው፣ ሐሳቡ የት እንደደረሰ የሚያይበት ሰሌዳ እንኳ አልነበረውም። ከስምምነቱ በፊት አንድ ቀን ቡና ጋብዙትና ስለ እርሷ ያሰበውን ሁሉ ሳታቋርጡ ስሙት።

ጥያቄ

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። ሦስት ሆነን ከአዲስ አበባ ከሚኖሩ ሁለት ጸሐፊዎች ጋር ስለ ስደተኛ ቤተሰብ ድራማ ጀምረናል። በቪዲዮ ስንገናኝ ስብሰባው አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ሲያልቅ ምንም አልጨረስንም። በርቀት የደራስያን ጉባኤ ማካሄድ ይቻላል?

መልስ

ይቻላል፤ ግን አራት ሰዓት በስክሪን ፊት ማንም በደንብ አያስብም። ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ ስብሰባ አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀድሞ በጽሑፍ ይላክ። «ልጅቷ ለአባቷ ሥራ መልቀቋን መቼ ትነግረዋለች» የሚለው ጥያቄ ነው፤ «ስለ አምስተኛው ክፍል እንወያይ» የሚለው ግን ጥያቄ አይደለም። የሰዓት ልዩነታችሁ 7፣ የአሜሪካው ሰዓት ሲቀየር ደግሞ 8 ስለሚሆን፣ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ቅዳሜ በእናንተ ጠዋት 4 ሰዓት አዲስ አበባ ከቀኑ 11 ወይም 12 ሰዓት ነው፤ ለሁለቱም ወገን የሚቀልለው ይኸ ይመስለኛል። ሰሌዳው ሁላችሁም በምታዩት የጋራ ሰነድ ላይ ይሁን፤ ካርድ የሚያነሣና የሚያኖር ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ያልጠየቁኝን ልጨምር። አዲስ አበባ ያሉት ጸሐፊዎች የልጆቹን፣ እናንተ ደግሞ የወላጆቹን ምልልስ እንድትጽፉ ብታደርጉ ስሕተት ይሆናል። ሜሪላንድ ያደገች ልጅ አማርኛዋ የት ላይ እንደሚሰበር፣ የትኛውን ቃል በእንግሊዝኛ እንደምትተካ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ።

ጥያቄ

አነስተኛ የፊልም ሥራ ድርጅት አለኝ። ለ12 ክፍል ድራማ የደራስያን ቡድን ማቋቋም ብፈልግም ለብዙ ሰው የምከፍለው የለኝም። ቢያንስ ስንት ሰው፣ ለምን ያህል ጊዜ ያስፈልገኛል?

መልስ

የአሜሪካ ደራስያን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ከ148 ቀናት የሥራ ማቆም አድማ በኋላ ባገኘው ስምምነት፣ እስከ 6 ክፍል ላለው ድራማ ቢያንስ 3፣ ከ7 እስከ 12 ላለው 5፣ ከዚያ በላይ ላለው 6 ደራስያን እንዲኖሩ ተወስኗል። ድራማው ገና ሳይጸድቅ ለዝግጅት የሚሰበሰቡትም ቢያንስ የ10 ሳምንት ሥራ እንዲረጋገጥላቸው ሆኗል። አድማውን ካስነሡት ነገሮች አንዱ አምራቾች ጥቂት ሰዎችን ለአጭር ጊዜ ሰብስበው ሐሳባቸውን ከወሰዱ በኋላ ማሰናበታቸው ነበር። አንድ ሰው ሁሉንም ክፍል የሚጽፍ ከሆነ ግን ይህ ቁጥር አይጠየቅም፤ ማኅበሩም ቢሆን ብቻውን የሚጽፍን ደራሲ አልከለከለም።

ቁጥሩ የእነርሱ ገበያ ቁጥር ስለሆነ እንዳለ አይቅዱት። ለእርስዎ ሦስት ሰው በቂ ነው፤ አንድ ዋና ደራሲ፣ አንድ የቃለ ተውኔት ጆሮ ያለው፣ አንድ ደግሞ የሚጻፍበትን ኑሮ ከውስጥ የሚያውቅ። ገንዘብዎ ትንሽ ከሆነ ሰው ከሚቀንሱ ሳምንት ይቀንሱ። ለስድስት ሳምንት በሳምንት ሦስት ቀን ከፍለው ሰሌዳውን ያስሞሉና፣ ስክሪፕቶቹን ደግሞ በየክፍሉ ተዋውለው ያስጽፉ። የስድስቱ ሳምንት ክፍያ በየሳምንቱ መጨረሻ ይድረሳቸው፤ «ስፖንሰር ሲገኝ» ተብሎ የተቀጠረ ደራሲ ሰሌዳው ፊት ተቀምጦም ሌላ ሥራ ነው የሚያስበው።